ያጸዳሁት ትንፋሽ

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ቅሬታ መጣብኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ስለሆነ ይጻፍ።

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ አንባቢዋ ሰኞና ረቡዕ ትቀርጻለች፣ እኔ ማክሰኞና ዓርብ ቅጂውን በፖስታ ተቀብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልኬ እሰማለሁ። የተሳሳተ ቃል፣ የገጽ መገለጥ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ትንፋሽ፣ ሁሉንም እለቅማለሁ። የሚቆረጠውን እቆርጣለሁ፣ የሚደገመውን እርማት ቅጹ ላይ ጽፌ እመልሳለሁ። ቅጹ ላይ «የትንፋሽ ድምፅ» የሚል መስመር አለ። እኔ ሁልጊዜ «የለም» ብዬ ነው የምሞላው። በዚያች «የለም» ስኮራ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ኃላፊያችን ደወለ። አንድ አድማጭ «አንባቢዋ አትተነፍስም፤ እሷን ስሰማ እኔን ያፍነኛል» ብሏል አለኝ። እንግዲህ ጉድ በል። ሰው ቆሻሻ አገኘሁ ብሎ ይከሳል እንጂ ንጹሕ ነው ብሎ ይከሳል? «ሰውየው መጽሐፍ ነው ሳንባ ነው የሚያዳምጠው?» አልኩት። ኃላፊው አልሳቀም።

አንባቢዋ እህቴ ናት፣ ታላቄ። ከደብተር ምን ይደበቃል። ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል። ቀናችንን የለያየሁት እኔ ነኝ፤ እንዳንገናኝ። የምንነጋገረው በቅጹ ብቻ ነው። እኔ «ገጽ 88፣ ቃል ተዘሏል» ብዬ እጽፋለሁ፣ እሷ ከሥሩ «መጽሐፉም ላይ የለም፤ ዓይንሽን ግለጪ» ትላለች። ደግሞ እውነቷን ሆኖ ይገኛል።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ፖስታውን ወሰድኩ። መጽሐፉ 611 ገጽ ነው፤ ገጽ 203 ላይ ነን። ኃላፊው በነሐሴ መጨረሻ ካላለቀ የቀረውን በማሽን ድምፅ አስነብባለሁ ይላል። ማሽን አይደክማትም፣ አታስልም፣ ደረጃ አትወጣም አለ። ደረጃውን ምን አመጣው?

ስወጣ ዘበኛው ለጽዳቷ ሲያወራ ሰማሁት። «አንባቢዋ እኮ ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለቴ ትቀመጣለች።» ወፍራ ይሆናል። እኛ ቤት ሴቶች ከአርባ በኋላ መወፈር ልማዳችን ነው።

በእህቴ ሰፈር በኩል ዞሬ ቤቴ ገባሁ። እዚያ ያለው ዳቦ ቤት ይሻላል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ፖስታ ልወስድ ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ ቅሬታ አቅራቢው ራሱ መጣ። ሃምሳ ያለፈው፣ ነጭ በትር የያዘ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ሠርቷል፤ አሁንም እዚያው ነው። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፁ ግን ለጠብ አይመችም።

«በምንድን ነው የምትሰሚው እህቴ?» አለኝ።

ሽቦ አልባዋን ኢርፎኔን እጁ ላይ አደረግኩለት። በጣቶቹ አገላብጦ ዳሰሳት።

«ይቺ ለመንገድ ናት። ለሥራ አትሆንም። ዝግ ያለውን ድምፅ ትውጠዋለች።»

«ጋሼ፣ በሽቦ እንዳልሰማ አዲሱ ስልኬ ክብ ቀዳዳ የለውም።»

«ለዚህ እኮ ነው» አለና ከደረት ኪሱ አንዲት ነገር አወጣ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ራስ፣ ከራሷ አጭር ሽቦ፣ ጫፏ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ። በቻርጀር ቀዳዳ ትገባለች፣ ሌላው ጫፏ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ ቁጥር ነው አለኝ፤ ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርግ ክፍል ያስፈልጋል፣ ይህች ከስልኩ ውጪ ሆና ሥራውን ለብቻዋ፣ ያለ ጫጫታ ትሠራዋለች። «ስልክሽ ሺህ ሥራ አለው፤ እሷ አንድ ብቻ ነው ያላት» አለ።

ነገሩ ሁሉ ጅራት የበቀለባት አይጥ ነው የሚመስለው። «ለዚህች?» ብዬ ልስቅ ነበር፤ አፈርኩ።

«ውሰጃት። መልሺልኝ፤ ግን አትቸኩዪ።»

ሳያውቀኝ ዕቃ አዋሰኝ። እኔ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ጋሼ ኦፕሬተር ብዬ ሸኘሁት።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ባለ ሽቦ ሄድፎን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት። መሳቢያ ሥር ተገኘ። እሷ ናት የገዛችልኝ፣ ሥራውን ያስገባችኝ ጊዜ። ቀዳዳ ስለሌለ ነው ያስቀመጥኩት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰካሁት። ድምፅ የለም። ነቅዬ ሰካሁ። የለም። ዕቃውን ገና በአንድ ቀኑ አበላሸሁት ብዬ ላብ አሰመጠኝ። ለካ እስከ መጨረሻው አልገፋሁትም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ምን ብዬ ልጻፈው። ስልኬ ያው ስልክ ነው፣ ቅጂው ያው ቅጂ ነው። ግን ክፍሉ ተከፈተ። እስከ ዛሬ ድምፅዋን ከበር ውጪ ቆሜ ነበር የምሰማው፤ ዛሬ አስገብተው ወንበር ሰጡኝ። ቀለበቷ ጠረጴዛውን ስትነካ ሰማሁ። ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ገጽ ከመግለጧ በፊት ጣቷን በምላሷ ታርሳለች፤ እማዬ ስንት ጊዜ በዚህ ቆጥታታለች። ከሩቅ ዝናብ ሊመጣ ሲል ንባቧን ታፈጥናለች፣ ምክንያቱም የጣሪያው ቆርቆሮ መደብደብ ከጀመረ ቀረጻ ይቆማል።

አንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ለሥራ ነው።

ጅራቷ (የጋሼን ዕቃ እንዲህ ብያታለሁ) ባትሪ ትበላለች፤ ደግሞ እሷ እያለች ስልክ ቻርጅ አይደረግም። ቢሆንም እግዜር ይስጠው ሰውየውን። አምስት ዓመት የበላሁበትን ሥራ ዛሬ ገና አየሁት።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ጋሼ ኦፕሬተር እውነቱን ነው።

የተመሰገንኩባቸውን፣ ያጸዳኋቸውን ቅጂዎች በዚህች ጅራት ሰማኋቸው። ትንፋሽ በቆረጥኩበት ሁሉ ጉድጓድ አለ። ክፍሉ ራሱ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይበራል። ቃል፣ ጉድጓድ፣ ቃል፣ ጉድጓድ። እኔንም አፈነኝ። ከጥቅምት ወዲህማ በእጄ እንኳ አልቆርጥም፤ አፑ ላይ «ትንፋሽ አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ተጭኜ ሻዬን እጠጣለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ለሰዎች ጉድጓድ ሳዳርስ ከርሜ ቅጹ ላይ «የለም» እያልኩ ስኮራ ኖርኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን አልነካም። ያልጸዳውን ነው የምሰማው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፉጨት አለ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስትስብ፣ መጨረሻው ላይ። ቀጭን ነው፣ የበር ሥር ንፋስ ዓይነት።

ጅራቷ ናት። ርካሽ ዕቃ ምን ይጠበቃል።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ቁጥሩን ከኃላፊው ተቀብዬ ለጋሼ ኦፕሬተር ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ዕቃዎ ያፏጫል።»

«የሌላ ሰው ድምፅ ሞክሪበት» አለኝ።

የጡረተኛውን መምህር ቅጂ ሰማሁ። ፉጨት የለም። የራሴን ድምፅ ቀርጬ ሰማሁ። የለም። ተመልሼ የእሷን ሰማሁ። አለ።

ጉንፋን ይሆናል። ክረምት ነው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ቅጂ የሚጫንባቸው የድሮ ሚሞሪ ካርዶች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ ነው የሚቀመጡት፤ ያልጸዱት፣ ከነ ቀናቸው። ኃላፊውን አስፈቅጄ ቆርቆሮውን እንዳለ ይዤ መጣሁ። «ምን ልትሠሪበት?» አለኝ። «ለጥራት» አልኩት። ውሸት እንኳ አይደለም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ዋልኩ። በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ታነባለች? ከሦስት ዓመት በፊት ሃያ አንድ። እንዴት ያለ ደረት ነበራት፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር እንደ ገመድ ጎትታ ከዳር ታደርሰዋለች። ባለፈው ጥቅምት አሥራ ሰባት። ጥር ላይ አሥራ ሁለት። ሚያዝያ ዘጠኝ። ባለፈው ሰኞ ስድስት። ፉጨቱ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ በአሥር ገጽ አንዴ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ነው።

ጉንፋን ስምንት ወር አይቆይም።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው። እህቴ ስምንት ወር ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስትታመም እኔ ቁልፍ ተጭኜ በሽታዋን ሳጠፋ ነበር። ከእኔ በቀር ያልጸዳ ድምፅዋን የሚሰማ ፍጡር የለም። እኔ ካልሰማሁ ማንም አይሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ የእኔው በደሞዝ ነው ባዳ የሆነው።

እማዬም እንዲህ ነበር የጀመራት አሉ፣ በትንፋሽ። «አሉ» የምለው ስላላየሁ ነው። ያኔ ለፈተና ሌላ ከተማ ነበርኩ። እህቴ በስልክ «ትንሽ ጉንፋን ነው፣ አታስቢ» ትለኝ ነበር። ስደርስ ያገኘሁት የተነጠፈ አልጋ ነው። ለቀስተኛው ፊት «እናቴን የሰረቅሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። እሷ አልመለሰችልኝም። ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ «ገጽ 214 እስከ 240፣ ትንፋሽ ያፏጫል። አሞሻል?»

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ከሥሩ መለሰች፦ «ቁረጪው።» ሁለተኛውን ጥያቄ አልፋዋለች። እሷ ቃል አትዘልም፤ እያወቀች ነው።

እኔም ጻፍኩ፦ «አልቆርጥም።»

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

«ሥራሽ ነው» ይላል። ጽሑፏ እንኳ ዘንበል ብሏል። ኃላፊው በስልክ ለአንዱ «ድምፅዋ እየደከመ ነው መሰለኝ፣ ማሽኑን እንሞክር» ሲል በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ነገ ረቡዕ ነው፣ የእሷ ቀን። እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እላታለሁ? «አንቺ ደግሞ ተረት ነበር የቀረሽ» ትለኛለች።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

በቀስታ ልጻፍ፤ አንድም ነገር እንዳይቀር እፈልጋለሁ።

ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ቀረጻ ቆሞ ስለነበር የክፍሉ በር ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል። አልወፈረችም። ፊቷ ነው ያበጠው።

«ቀንሽ አይደለም» አለችኝ። የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ስሚልኝና እሄዳለሁ።»

አንባቢዎች የራሳቸውን ድምፅ አይሰሙም። እሷ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም መጽሐፏን ሰምታ አታውቅም፣ የራሴን ድምፅ ከምሰማ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል ትላለች። ጅራቷን ስልኬ ላይ ሰካሁና ሄድፎኑን አቀበልኳት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ እኔ የገዛሁልሽ አይደል?»

«ነው።»

«የጣልሽው መስሎኝ።»

«ስልኬ ቀዳዳ አልነበረውም።»

«አንቺ መቼም ሰበብ አታጪም» አለችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

መጀመሪያ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ቅጂ ከፈትኩላት። ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጀመረች፣ ወዲያው ዘና አለች፤ ለራሷ ፈገግ ስትል ያዝኳት። ከዚያ ያለፈውን ሰኞ ከፈትኩት። ሁለት ዓረፍተ ነገር አልሄደም፣ እጇ ሻርፑ ላይ ወጣ። እስከ ገጹ መጨረሻ ሰማች። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማው?»

«ከኅዳር ጀምሮ።»

«እና እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ስቆርጠው።»

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ፉጨት ተቀየረና ጠረጴዛውን ያዘች። ስትረጋጋ «ጥሩ ነዋ» አለችኝ፤ «እኔ እደብቃለሁ፣ አንቺ ታጸጂልኛለሽ። ሌባና ተባባሪ።»

ከጥር ወዲህ ተኝታ አታውቅም። ሦስት ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ጋደም ካለች ያንቃታል። «የእማዬ ነው» አለችኝ፤ «የእማዬ ከሆነ ሐኪም ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እየተነጋገርን ነበር እንዴ?»

ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት። ያኔ ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

«እማዬ ናት ያስማለችኝ። ‹ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሪያት፣ ሞቼ እገኛለሁ› አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ለቀስተኛው ፊት እንደዚያ ስልሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«የሞተች እናቴን ላሳጣት? ደግሞ አንቺ መቼ ጠየቅሽ? ፈረድሽ እንጂ።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። «እታለም» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት። እንደዚያ ብዬ ከጠራኋት ስንት ጊዜዬ ነው። እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ነይ እስቲ፣ ጆሮ ጠቢ» አለችኝ። ልጅ እያለሁ የሰው ወሬ በበር ቀዳዳ ስለምሰማ ያወጣችልኝ ስም ነው። አቅፋኝ አለቀስን። ትንፋሽዋ ጆሮዬ ሥር ያፏጭ ነበር፣ ያለ ምንም ዕቃ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ሆስፒታል። ጋሼ ኦፕሬተር ባይኖር ወረፋው ወር ይፈጅ ነበር። ስደውልለት ምንም አልጠየቀኝም። «ቅሬታ ሳቀርብ እኮ ጉሮሮዋ አጠራጥሮኝ ነበር፤ ግን ሳልጠየቅ ሰው ታማለች አይባልም» አለ። ከዚያ የጉሮሮ ሐኪሟ መቼ ጊዜ እንዳላት ነገረኝ። ነገ ሁለት ሰዓት ኑ አለ። መጣን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ችኩል። የቆጠርኩበትን ወረቀት ሰጠኋት፤ ቀን፣ የቃል ብዛት፣ ፉጨት። አንዴ አየችው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አየችው። «ይሄን ማን ሠራው?» አለች። እህቴ «የእኛ ጆሮ ጠቢ» አለች። ሐኪሟ ቅጂውን ካላሰማችሁኝ አለች፤ ሄድፎኑን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አስም ቢሆን አየር ስታስወጣ ነበር በብዛት የሚያፏጨው፣ ይሄ ስታስገባ ነው፣ ደግሞ በየወሩ ይጨምራል አለች።

ራጅ አዘዘች። ማክሰኞ ውጤት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የእማዬ አይደለም። ተመስገን። ሦስቴ ልጻፈው ነው፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

እንቅርት ነው። በውጪ ብዙም አይታይም፤ ወደ ታች፣ ከደረቷ አጥንት ኋላ ነው ያደገው። የአየር ቧንቧዋን ተጭኖ አጥብቦታል። ይወጣል። ቀዶ ሕክምናው ሐምሌ 22 ነው። ሌላ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ አንድ ሌሊት በዚያው ልትቀር ትችል ነበር አለች ሐኪሟ። ይህን ስትል እኔ ቁልፉን ነበር የማስበው።

አንድ ነገር ግን አለ። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ጥንቃቄ ይደረጋል፣ ግን ዋስትና የለም። እህቴ ሁሉንም ሰማች። «መተንፈስ ልትመልሱልኝ ድምፄን ታስይዙኛላችሁ ማለት ነው» አለች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ልትቀርጽ ነው። ብለምናት፣ ብቆጣት አልሰማ አለች። ሐኪሟም «ካልደከማት ታንብብ» ብላ ከዳችኝ። በየቀኑ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ገጽ፣ በስድስት ስድስት ቃል። አሁን ከደጅ ቆሜ አልሰማም፤ እዚያው ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጅራቷን ሰክቼ፣ ከአፏ ሲወጣ ነው የምሰማው። ሲደክማት እጄን አነሣለሁ፣ ታቆማለች። አምስት ዓመት አብረን የሠራን መስሎኝ ነበር።

ለኃላፊው ነገርኩት፦ ትንፋሽዋ አይቆረጥም። «ያፏጫል እኮ» አለ። «ያፏጫል» አልኩት። ዓይኔን አይቶ ተወኝ። የሚገርመው ማሽኑን ከዚያ ወዲህ አላነሣም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ገጽ 599 ላይ መጽሐፉን ከደነችው። አሥራ ሁለት ገጽ ቀርቷል። ጊዜም ነበራት፣ አቅምም ነበራት።

«ጨርሺዋ፣ አሥራ ሁለት እኮ ነው» አልኳት።

«ይቆይ። የምመለስበት ይኑረኝ።»

ካልተመለስሽስ አላልኳትም። እሷም አላለችም። ዕልባቱን አስገብታ ሰጠችኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሁለት ሰዓት ገባች። ሻርፗ እኔ ጋ ነው።

አምስት ሰዓት። ምንም።

ጋሼ ኦፕሬተር ከስልክ ቤቱ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። በትሩን ጉልበቱ መሀል አድርጎ እንዲሁ ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ተኩል። ወጣች። ደህና ናት። ድምፅዋን ገና አናውቅም። «ሳምንት እንዳታስወሯት» አሉን።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ተኝታለች። በአንድ ትራስ፣ በጀርባዋ፣ ዝርግት ብላ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ነርሷን አስፈቅጄ ስልኬን ትራሷ አጠገብ አድርጌ አምስት ደቂቃ ቀረጽኩ። ኮሪደር ወጥቼ በጅራቷ ሰማሁት። የአልጋው ሽቦ አለ፣ የሰው ኮቴ አለ፣ ከሩቅ የጋሪ ጎማ አለ። ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። ፉጨት የለም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ ሰማሁ። የለም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስስቅ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

ስትነቃ ወረቀት ጠየቀች። «ምን ታዳምጫለሽ?» ብላ ጻፈች። «ሥራ» አልኳት። «ውሸታም» ብላ ጻፈች።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ድምፅዋ መጣ፣ ግን ሌላ ነው። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ። ሐኪሟ ገና ይሻሻላል፣ ነርቩ አልተነካም አለች። እህቴ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረችው ለእኔ ነው። «በደጄ የማልፈው ለዳቦ ነው አትበይኝ፤ ሁለት ዓመት በመስኮት አይሽ ነበር» አለችኝ።

ዳቦው ይሻላል ብዬ ነው። ይሁን፣ ይጻፍ፦ ዳቦው አይሻልም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ተመለሰች። ደረጃውን ሳትቀመጥ ወጣችው፤ ዘበኛው ከሥር ሆኖ ቆጠረላት። አሥራ ሁለቱን ገጽ በአንድ ጠዋት አነበበች። ድምፅዋ ከ599 በፊት ካለው ጋር አይገጥምም፣ ሌላ ሴት የገባች ይመስላል። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ጀመረችው፣ እኔ ወለሉ ላይ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ ስምንት ቃል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ አየር ወሰደች፣ ንጹሕ፣ ሰፊ አየር።

ኃላፊው «መጨረሻው አይመሳሰልም፤ ከመጀመሪያው ይደገም እንዴ?» አለ። እህቴ በሻካራ ድምፅዋ «ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለችው።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጅራቷን ልመልስ ሄጄ ነበር። ጋሼ ኦፕሬተር አልቀበልም አለ፤ ሌላ ገዝቷል። ስልክ በየመሀሉ እያነሣም ቢሆን የላክንለትን የመጽሐፉን ረቂቅ ቅጂ ትናንት ሰምቶ ጨርሶታል። «ገጽ 300 አካባቢ በጣም ፈራሁላት» አለኝ፤ «መጨረሻው ላይ እኔም አብሬያት ተነፈስኩ።» አመሰገንኩት። ምን ያህል እንደሆነ ልነግረው ብጀምር አንድ ጥሪ ገባበትና «ቆይ እህቴ» ብሎ ለሌላ ሰው ሐኪም መፈለግ ጀመረ። በእጄ ትከሻውን ነክቼ ወጣሁ።

ማታ የመጨረሻውን ቅጽ ሞላሁ። ገጽ 600 እስከ 611። የተሳሳተ ቃል፦ የለም። የገጽ ድምፅ፦ አለ፣ ጣቷን አርሳለች፣ እማዬ ትቆጣት። የወንበር ድምፅ፦ የለም።

የትንፋሽ ድምፅ፦ አለ። እንዳይነካ።